በጉም ውስጥ የተሰለፉ እግሮች

ፍቅርተ የተገኘችው የሞተ አህያ በሚጣልበት ቦረቦር ውስጥ ነው።

ቦረቦሩ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ዛፉ ጫካ ጀርባ ይገኛል። የነሐሴ ጎርፍ ጠርዙን እየናደ በየቀኑ ያሰፋዋል። የአካባቢው ሰው በክት ሲኖረው ወደዚያ ይጎትታል፤ ጅብ ይበላዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሽታው ግን ከቦታው ለቆ አያውቅም። ኢንስፔክተር ዘርትሁን ጠርዙ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ይበልጥ ያንገሸገሻት ግን ሌላ ነገር ነበር። አፋፉ ላይ የተሰበሰቡ ወጣቶች ስልካቸውን ዘርግተው ሬሳውን ፎቶ ያነሣሉ።

«እህታችሁ ብትሆንስ ኖሮ?» አለቻቸው።

አንዱ አፍሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሌላው ግን «ሯጯ እኮ ናት፤ ታዋቂ ናት» አለ፤ ታዋቂ መሆን ሬሳን ለማሳየት ፈቃድ የሰጠ ይመስል።

ዘርትሁን አባረረቻቸው። መሬቱን አየች። ዱካ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ሁሉም ተረግጦ ቦክቷል። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ደልደል ያለች፣ ለአውቶቡስ እንኳ ሮጣ የማታውቅ ሴት ናት። ቢሆንም ወገቧን በገመድ አስራ ወረደች።

ልጅቱ ከአንድ የአህያ አጽም አጠገብ በጎኗ ተኝታለች። የሩጫ ልብስ ለብሳለች። ዝንቡ ከአህያው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ አህያው ይመላለሳል፤ ለዝንብ ልዩነት የላቸውም። ዘርትሁን በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን ከፊቷ አባረረችና አጠገቧ ተንበረከከች። በቀኝ እጇ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ጨብጣለች። ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ድረስ ልብሷ ላይ ጥቁር የጭቃ ነጠብጣብ ተፈናጥቋል። የቦረቦሩ አፈር ግን ቀይ ነው።

«ጥቁር ጭቃ የት አለ?» ብላ ወደ ላይ ተጣራች።

ሬሳውን ያገኙት ገበሬ አያ እሸቴ ከላይ መለሱ። «እዚሁ ናት ልጄ! ጫካው አልቆ ቦረቦሩ ሳይጀምር ረግረግ አለች። ከዚያች ሌላ ጥቁር አፈር በዚህ ወገን የለም።»

ዘርትሁን ስትወጣ አያ እሸቴ ሬሳውን ትተው መሬት መሬት ያያሉ።

«ምን ጠፋብዎ አያ?»

«አጥሬ። ጎርፉ መንገዱን ሲበላው፣ ከብት እንዳይገባብኝ ብዬ በቀጋ እሾህ ዘግቼው ነበር። ትናንት ከብት ሳስገባ አይቼዋለሁ፤ እንደነበረ ነው። ዛሬ ተጎትቶ ዳር ተጥሏል። እሱን አይቼ ‹ምን ገባብኝ› ስል ነው ልጅቱን ያየሁ።»

«ከብት ጎትቶት ይሆን?»

«ቀጋን? ከብት ከሰው ይሻላል፤ የሚወጋውን አይነካም።»

*

እኩለ ቀን ሲሆን የፍቅርተ እናት ወርቅነሽ ከአንበሳሜ ወገን መጡ። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ከጎናቸው የነፍስ አባታቸው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እኅቴ» አሉ ወርቅነሽ ዘርትሁንን ሲያዩ፤ «አሰልጣኙ ደወለልኝ። ‹ልጅዎ ተስፋ ቆርጣ ራሷን ገደል ወረወረች› አለኝ። እውነት ነው?»

«ገና አላወቅሁም እትዬ።»

ቄሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩ። «እኔም የተቸገርኩት በዚሁ ነው። ራሱን ለገደለ ፍትሐት አይደረግም። ሥርዓቱ ነው። እውነቱ ካልታወቀ እኔ ምን ላድርግ?»

ወርቅነሽ የዘርትሁንን እጅ ያዙ። እጃቸው ከእርሻ የተነሣ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው። «ሞታለች፤ ይህን ሰምቻለሁ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጄን ከዚያ ጥንብ መካከል አውጥታችኋታል። መልሳችሁ ያለ ጸሎት እንደ ጥንብ እንዳትቀብሩብኝ። ራሷን ገድላም ከሆነ አትደብቂኝ። ካልሆነ ግን ዛሬውኑ ንገሪልኝ።»

ዘርትሁንም ሴት ልጅ አለቻት። «ዛሬውኑ» አለች፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የፈራችው።

*

ሯጮቹ የሚኖሩት ደብረ ታቦር ውስጥ በተከራዩት የጭቃ ቤት ነው። ፍቅርተን ጨምሮ ሦስት ሯጮች፣ አሰልጣኛቸው ደሳለውና ምግብ የምትሠራላቸው ጌጤ በአንድ ግቢ ያድራሉ። ዘርትሁን ስትገባ ደጁ ላይ አንድ ሳፋ አለ፤ ያልታጠበ የሩጫ ልብስ ተነክሮ ሳይሆን እንዲሁ ተጥሎበታል። ከሳፋው በላይ በተዘረጋው ገመድ ላይ ደግሞ አንድ ሰማያዊ ቱታ ብቻውን ውኃ ያንጠባጥባል። ዘርትሁን ሳፋው ውስጥ ያሉትን ልብሶች አገላብጣ ካየች በኋላ በፌስታል አስያዘቻቸው።

አሰልጣኝ ደሳለው እንቁላል ፍርፍር እየበላ ነበር። ዳቦውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ቆንጥሮ ይይዛል።

«ይቅርታ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አለ። ከንፈሩ በዘይት ያብረቀርቃል።

«ይብሉ። እኔ ስለ ሩጫ ምንም አላውቅም። ቀስ ብለው ያስረዱኝ።»

ይህ ደስ አለው። «ፍቅርተ ኮንዲሽኗ ወርዶ ነበር።»

«ኮንዲሽን ምንድነው?»

«ሯጭ ያለው እሱን ብቻ ነው። ጉልበት ብቻ አይደለም። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ በአግባቡ ሲሠራ የሚመጣ ነገር ነው። ሲመጣ እግር መሬት አይነካም። ሲሄድ ደግሞ ሰውየው ይበሰብሳል። ፍቅርተ ሄዶባት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጭራ ሆነች።»

«ጭራ ማለት ከሰልፉ መጨረሻ?»

«ይገባዎታል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ መካከል እንቁላል ታየ። «ዛሬ የጫካ ቀን ነበር። በጫካ ቀን በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ በዛፎች መሀል እየተጠማዘዙ ነው የሚሮጥ። ጉሙ ከባድ ነበር። ጭራዋ ተቆረጠች፤ ማለት ከሰልፉ ተለየች። የቀሩት አላዩም። ብቻዋን ሄዳ ራሷን ወረወረች። ያሳዝናል።»

ያሳዝናል ብሎ ቀጣዩን ጉርሻ ጎረሰ።

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«አስፓልቱ ዳር፣ ሞተር ሳይክሌ ላይ። ጉልበቴን ካመመኝ ዓመት አለፈኝ፤ አልሮጥም።»

«መዳፍዎን ምን ነካው?»

ደሳለው እጁን ጨበጠ። «የሞተሩ ሰንሰለት ነው። ስጠግነው ቆንጥጦኝ።»

*

ሁለተኛ ያነጋገረችው ምናለን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በራሱ የረካ ወጣት። የዘርትሁንን ወገብ አየና «ኢንስፔክተር፣ ለእርስዎ ኮንዲሽን የሚመጣ አይመስለኝም» አለ።

«አንተ ካለህ ይበቃናል። ሥራህ ምንድነው?»

«አሯሯጭ ነኝ። ከፊት ሆኜ ነፋሱን እበላለሁ፣ ከኋላ ያሉት በእኔ እግር ይሄዳሉ። ፍጥነቱን የምወስን እኔ ነኝ።»

«ከዚያስ ድሉ የማን ነው?»

«የእነሱ።» ሳቁ ቀዘቀዘ። «የእኔ ድል ከፊቴ ሰው አለመኖሩ ነው።»

«ዛሬስ ከፊትህ ሰው አልነበረም?»

«እኔ እያለሁ? ከጫካው አፍ እስከ መጨረሻው እኔ ነኝ የመራሁ! አሯሯጭ ፊቱን ለሰው ከሰጠ ምኑን አሯሯጭ ሆነ? ወይ አሯሩጦ ወይ ተቀምጦ ነው።»

«ለአንድ አፍታም ቢሆን ለሌላ አልለቀቅህም?»

«ለአንድ አፍታም» አለ በኩራት።

ዘርትሁን አመሰገነችው። ምናለ የኮራበት ነገር ምን እንዳደረገበት ገና አላወቀም።

*

ምስጋና አልጋዋ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ከፍቅርተ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር፣ በውጤትም የምትከተላት ሯጭ ናት። የተቀመጠችበት አልጋ አጠገብ ያለው የፍቅርተ አልጋ ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ እንኳ ተነሥቷል። ምስጋና ሁለቱንም ብርድ ልብስ ደርባ ለብሳለች።

«ይሄኛው የማን ነው?» አለች ዘርትሁን ጫፉን ይዛ።

«በረደኝ» አለች ልጅቱ።

«እግርሽ ላይ ያለው አዲስ ጫማስ?»

«የእሷ ነው። ኮች ‹ለአንቺ ይሁን› ብሎ ሰጠኝ።»

ዘርትሁን ጫማውን አየች። ሟቿ ገና አልተቀበረችም። «አውልቂው።»

ምስጋና እያለቀሰች አወለቀች። የግራ እግሯ ተረከዝ በጨርቅ ታስሯል። ዘርትሁን ጨርቁን ፈታችው። ከተረከዟ በላይ ቆዳዋ ወደ ታች ተገሽልጧል፤ ቁስሉ ላይ ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

«ይህስ?»

«ጫማ በልቶኝ ነው።»

ዘርትሁን ጨርቁን መልሳ አሰረችላት። «እሺ። አሁን አስተምሪኝ። በጉም ውስጥ ተሰልፋችሁ ስትሮጡ መንገዱን እንዴት ታዩታላችሁ?»

«መንገዱን አናይም። እግር እንይዛለን።»

«እግር መያዝ ማለት?»

«ከፊትሽ ያለችውን ተረከዝ ብቻ ማየት ነው። እሷ ስትረግጥ ትረግጫለሽ፤ እሷ ስትዞር ትዞሪያለሽ። ቀና ካልሽ ድካሙ ይገባሻል። እግር ስትይዢ ግን ሐሳብ የለም፤ ሌላ ሰው ያስብልሻል።»

«ድንጋይ ቢኖርስ? ጉድጓድ?»

«መሪው ይነግረናል። ድንጋይ ሲያይ ጣቱን ያጮኻል። ጉድጓድ ሲሆን መዳፉን ከጀርባው ይዘረጋል። የሚከተለው ደግሞ ለኋለኛው ያሳልፋል። እስከ ጭራ ይደርሳል።»

«መሪው ዝም ቢልስ?»

ምስጋና ብርድ ልብሶቹን ወደ አገጯ ሳበች። «ዝም የሚል መሪ የለም» አለች። «በሯጭ ዘንድ... ከዚህ የባሰ ነውር የለም።»

*

ማብሰያ ቤት ውስጥ ጌጤ ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅሳለች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሐዘኑ ለራሷም አልለየላትም።

«ያን ሰማያዊ ቱታ አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«እኔ? እኔስ የገረመኝ እሱ ነው እትዬ! እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ኮች ካልሲውን ከመሬት አንሥቶ አያውቅም። ሯጮቹ የራሳቸውን ያጥባሉ፤ የእሱን እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ገና ከሞተሩ ሳይወርድ ‹ውኃ› አለ። ቆሞ አጠበ። ‹ስጠኝ ልጠብልህ› ብለው ጮኸብኝ።»

«ከፍቅርተ ጋር ይጣላ ነበር?»

ጌጤ ቢላዋውን አስቀመጠች። በሩን ዘጋች። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ኩባያ አወረደች። ኩባያው ውስጥ ሦስት የጥርስ ብሩሾች ቆመዋል። ከብሩሾቹ መካከል አንድ መርፌ አለ፤ ጫፉ ላይ ደም ጠቁሮ ደርቋል።

«‹ቫይታሚን› ይላቸዋል። ኮንዲሽን ያመጣል ይላል። ሁለቱን በዚህችው ይወጋቸዋል፤ ያጥባታል ደግሞ ይመልሳታል። እኔ ምን አቅም አለኝ? ፍቅርተ ግን እንቢ አለች። ‹በደሜ እሮጣለሁ፤ በመርፌ አልሮጥም› አለች። ትናንት ማታ እራት ላይ ደግሞ ‹የአበረታች መድኃኒት መርማሪዎቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሁሉንም እነግራለሁ፤ ቅዳሜ ወደ እናቴ እሄዳለሁ› አለችው።»

«እሱስ?»

«እራቱን ጨረሰ። ከዚያ በሞተሩ ወጣ። ሲመለስ እጁን በጨው ውኃ ዘፈዘፈ።»

ዘርትሁን ኩባያውን ተቀበለችና ወደ ደጅ ወጣች። ጓሮው ጥግ ደርሳ ጎንበስ አለች። የቦረቦሩ ጥንብ ያላስመለሳትን የጥርስ ብሩሾቹ አስመለሷት። አፏን ተጉመጥምጣ ስልኳን አወጣች። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም መልስ ነበረው።

«የመርፌ ምልክት አላገኘሁባትም» አለ። «አሟሟቷ ግን... ወዲያው አልሞተችም ኢንስፔክተር። እግሯና ጎኗ ነው የተሰበረ። ፈጥነው አውጥተዋት ቢሆን ኖሮ በሕይወት ትደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።»

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሯጮቹ ግቢ ተሰበሰቡ። ደሳለው ወንበር ላይ፣ ምናለና ምስጋና ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ጌጤ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አያ እሸቴ በትራቸውን ይዘው፣ ወርቅነሽና ቄሱ ጎን ለጎን ሆነው ቆመዋል። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ አሉ። ዘርትሁን ሦስት ልብሶችን መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ዘረጋች።

«ይሄ የፍቅርተ ነው። ይሄ የምስጋና። ይሄ የምናለ። እኔ ስለ ሩጫ አላውቅም፤ ልብስ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አጥቤያለሁ። ሦስቱንም እዩአቸው። ጀርባቸው ላይ ጭቃ አለ። ይህ የራሳቸው ተረከዝ የወረወረው ነው። ደረታቸውስ?»

«ደረታቸውም ጭቃ ነው» አሉ አያ እሸቴ።

«ነጠብጣብ ነው። የራስ እግር የራስን ደረት አይመታም። ደረት ላይ የሚፈናጠቀው ከፊት የሚሮጠው ሰው ያነሣው ጭቃ ነው። ጥቁሩ ጭቃ ደግሞ ከቦረቦሩ አጠገብ ካለችው ረግረግ በቀር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። ፍቅርተ ብቻዋን አልሄደችም። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ከሰው እግር ሥር ነበረች። የሰው እግር ይዛ ነበር።»

ወርቅነሽ የቄሱን ክንድ ያዙ።

«ጭራ ነበረች እኮ አልን!» አለ ደሳለው። «ጭራም እግር ይይዛል። ከዚያ ዘልላ ገባች።»

«መልካም። ምናለ፣ ከፊትህ ማን ነበር?»

«ነግሬዎታለሁ። ማንም።»

«እንግዲያ ደረትህን ማን አጨቀየው?»

ምናለ ልብሱን አየ። የሚያውቀው ልብሱ ነው፤ አሁን ግን እንደ እባብ ሸሸው። «ወድቄ ነው» አለ።

«የወደቀ ሰው ጭቃው ይለጠፍበታል፣ ይዳመጥበታል። ይሄ እንደ ተልባ የተበተነ ነው።»

«በቃ፣ ተራ በተራ መርተው ይሆናላ!» አለ ደሳለው።

«ይህን አስቀድሜ ጠይቄው ነበር። ለአንድ አፍታም ፊቴን አልለቀቅሁም አለኝ። ውሸቱን ሲያስተምሩት ‹ፍቅርተ ጭራ ነበረች በል› ብለውታል አሰልጣኝ። ማን መራ ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚል ግን አልተነገረውም። ኩራቱ መለሰለት። አሯሯጭ ‹ሌላ ሰው መራኝ› ብሎ መናገር አይችልም።»

ምናለ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ሦስቱም ደረታቸው ጨቅይቷል። ሦስቱም ተከታይ ናቸው። ተከታይ ብቻ ያለበት ሰልፍ ደግሞ የለም። ከሦስቱ ፊት አራተኛ ሰው ነበር። ደረቱ ንጹሕ፣ ጀርባው ግን የጨቀየ ሰው።» ዘርትሁን ወደ ገመዱ ጠቆመች። «ያ ሰው ካልሲውን እንኳ ከመሬት አንሥቶ የማያውቅ ነው። ዛሬ ግን ጀርባውን ለማጥፋት ቸኩሎ ቱታውን በገዛ እጁ አጠበ።»

ጌጤ «ወይ አምላኬ!» ብላ አፏን ያዘች።

ደሳለው ተነሣ። «እሺ፣ ሮጥኩ! ጉልበቴን ልሞክር ብዬ ሮጥኩ። ጉም ነበር፤ እኔም አላየሁትም። አደጋ ነው!»

«ቦረቦሩን ካላዩት እንዴት ዞሩ?» አለች ዘርትሁን። ድምፅዋን አልጨመረችም። «ቀድመው የደረሱ እርስዎ ነዎት። ያልወደቁትም እርስዎ ነዎት። አያ እሸቴ፣ የዘጉት በምን ነበር?»

«በቀጋ ነዋ።»

«እጅዎን ይዘርጉ አሰልጣኝ።»

ደሳለው አልዘረጋም። ፖሊሱ ይዞ ከፈተለት። አያ እሸቴ ቀርበው፣ እህል እንደሚያይ ሰው፣ መዳፉ ላይ አጎነበሱ።

«ሰንሰለት ይቀጠቅጣል እንጂ አይወጋም» አሉ። «ይቺ የቀጋ ስባሪ ናት፤ እዚህች ጋ ገና ውስጥ አለች። ጎትተህ ነው አንተ ቀጣፊ!» እጁን እንደ ቆሻሻ ነገር ለቀቁት፤ የራሳቸውንም እጅ በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ትናንት ማታ እራት ላይ ፍቅርተ ስለ መርፌው እናገራለሁ አለች» ሲል የዘርትሁን ድምፅ ቀጠለ። «ማታውኑ በሞተር ሄደው መንገዱን ከፈቱ። ጠዋት ‹ዛሬ እኔ እመራለሁ› አሉ። ፍቅርተን ከኋላዎ አስከተሏት። ልጅቱ ዓይኗን ተረከዝዎ ላይ ተከለች፤ እንደ ተማረችው፣ እንደ አስተማሯት። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ዘለሉ። መዳፍዎን ግን አልዘረጉም።» ወደ ምስጋና ዞረች። «ሦስተኛዋ አንቺ ነበርሽ። ስትጠፋብሽ በድንገት ቆምሽ፤ ምናለም ከኋላሽ መጥቶ ተረከዝሽን ረገጠው። የገሸለጠሽ ጫማ ሳይሆን እሱ ነው። ወይስ ተሳሳትኩ?»

ምስጋና ጉልበቷን አቀፈች። «አልተሳሳትሽም» አለች። «ቆምን። ‹ወደቀች› አልኩት። ኮች ግን ‹ዙሩን ጨርሱ› አለን። ‹ሰው አስፓልቱ ላይ እንደ ወትሮው ስትጨርሱ ይያችሁ። የእሷ የውድድር ቦታ አሁን ለአንቺ ነው› አለኝ።»

«እና?» አለች ዘርትሁን።

«ጨረስን።»

ዘርትሁን ብዙ ወንጀል አይታለች፤ በቁጣ የተገደለ፣ በመጠጥ የተገደለ አይታለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን አልገጠማትም። ከታች ሰው እየሞተ፣ ከላይ እግር እየቆጠሩ መሮጥ።

ወርቅነሽ ግቢው ከገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ጮኸች?»

ወደ ምስጋና ዞሩ።

«አንቺን ነው የምጠይቅሽ ልጄ። ስትወድቅ ጮኸች?»

«‹እማ› አለች» አለች ምስጋና። «ሁለት ጊዜ።»

ዘርትሁን የሐኪሙን ቃል ልትደብቅ አስባ ነበር። ነገር ግን አትደብቂኝ ተብላለች። ወደ እናትየው ጠጋ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ ነገረቻቸው፤ ልጅቱ ወዲያው እንዳልሞተች፣ ሣር ጨብጣ ለመውጣት እንደታገለች፣ ቢያወጧት ኖሮ ትተርፍ እንደነበር። ወርቅነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«ሰሙ አባቴ? ለመውጣት ታግላለች።»

«ሰማሁ» አሉ ቄሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ልጅሽ የተገደለች ናት። መኖር ፈልጋ የሞተች ናት። ፍትሐቷን የሚከለክል የለም፤ ዛሬውኑ ይደረጋል። እኔንም ይቅር በይኝ።»

ደሳለው እጁ በካቴና ሲታሰር «ሰው ላደርጋት ነበር! ያለ እኔ ምን ነበረች?» እያለ ይጮሃል። ጌጤ ምራቋን ወደ መሬት ተፋች፤ ጫማው አጠገብ ወደቀ። ምናለም እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ።

ወርቅነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ሊወጡ ሲሉ ምስጋና እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ይማሩኝ! ቀብሯ ላይ ልቁም! ይማሩኝ!»

ወርቅነሽ እግራቸውን ከእጇ አላቀቁ። ለረጅም ጊዜ አዩአት። «እናት አለሽ?»

«አለችኝ። ይፋግ ትኖራለች።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው እንዳይነግራት። እኔን ሌላ ሰው ነው የነገረኝ፤ ዋሽቶ ነው የነገረኝ። አንቺው ንገሪያት። ጓደኛዬ ‹እማ› ስትል ሰምቼ ሩጫዬን ጨረስኩ በያት። ከዚያ በኋላ የምትይኝን እሰማሻለሁ።»

ከቄሱ ጋር ተያይዘው ወጡ። ዘርትሁን በማስረጃ የያዘችውን የምስጋናን ስልክ ከፌስታል አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቱ ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሣ፤ ሲጠበቅ የነበረ ይመስላል። የእናቷ ድምፅ በግቢው ውስጥ ላሉት ሁሉ ይሰማል፤ ሞቅ ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ ነው።

«ምስጋናዬ! ዛሬስ ሩጫው እንዴት ነበር የኔ ልጅ?»